ልጄ የዳይቪንግ ጋይዱን ገሠጸችው፤ ይቅርታ ማስጠየቄ ልክ ነበር?

መጀመሪያ በውይይት ገጻችን ላይ የለጠፍኩት ይህን ነበር።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። እዚህ አገር ልጆች ከገንዳ ጠርዝ ዘለው 25 ሜትር ከዋኙ፣ ትከሻ ከሚደርስ ውኃ ውስጥም ዕቃ ካወጡ የባሕር ፈረስ ምስል ያለበት ባጅ ይሰጣቸዋል። ያንን ትምህርት ቤት ሳትገባ ወሰደች። አምና 10 ሲሞላት ደግሞ የስኩባ (ሲሊንደር አዝሎ የመጥለቅ) ኮርስ ጨረሰች። እኔ ውኃ ከጉልበቴ ካለፈ ጸሎት የምጀምር ሰው ነኝ። በማን እንደወጣች አላውቅም።

ዘንድሮ ለእረፍት ግብፅ፣ ሁርጋዳ ሄድን። እሷ የኦክስጅን ሲሊንደሯን አዝላ ከጋይዱ ጋር ትወርዳለች፤ እኔ ጀልባ ላይ ፀሐይ እየጠበሰኝ አረፋዋን እቆጥራለሁ። በሁለተኛው ቀን ጋይዱ ታች አንድ ዓሣ ያዘ። ሲነኩት እንደ ኳስ የሚነፋው፣ ፓፈር የሚሉት ዓሣ ነው። እስኪነፋ ድረስ አሻሸውና ለእንግዶቹ በየተራ አስያዛቸው። ልጄ እምቢ አለች። ውኃ ውስጥ የሚጻፍባትን ነጭ ሰሌዳዋን አውጥታ ዓሣ ሣለች፤ ላዩ ላይ ትልቅ ኤክስ አደረገችበት። አሳየችው። የሳቀ መሰላት፤ ከአፉ ብዙ አረፋ ወጣ።

ነገሩ እዚያ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ጀልባው ላይ ከወጡ በኋላ ሰው ሁሉ ባለበት ደገመችለት። እንስሳ መንካት ክልክል መሆኑን ከሷ ይልቅ እሱ ማወቅ እንደነበረበት ነገረችው። ሰውዬው ከ40 ያለፈ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። እኔም ይቅርታ ጠይቂ አልኳት። ጠየቀች። ከዚያ ወደቡ እስክንደርስ ፎጣዋን ተከናንባ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ልክ ሠራሁ ወይ ነበር ጥያቄዬ። ጋይዱ የተነፋውን ዓሣ ይዞ፣ እሷ ከበስተኋላ ሆና የምትታይበትን ፎቶም አያያዝኩ። እዚያው ጀልባ ላይ ከነበረው ፎቶ አንሺ የገዛሁት ነው። ይህቺን ፎቶ ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

በአራት ቀን 29 መልስ ገባ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ እንደየቁጥራቸው ላውራችሁ።

መልስ 1። ዋሽንግተን የሚኖሩ አባት ናቸው፤ ሁልጊዜ ቀድመው የሚመልሱት። ይቅርታ ማስጠየቄ ልክ እንደሆነ ጻፉልኝ። እውነት ቢሆን እንኳ ታላቅን በሰው ፊት ማሳፈር ነውር ነው፤ ልጅቷ ለአባቷ በጆሮው ሹክ ብትለው አባት ለሰውዬው ለብቻው ይነግረው ነበር ባይ ናቸው። መረቁኝም። እዚህ ላይ ብዘጋው ኖሮ ደስ ብሎኝ አድር ነበር።

መልስ 2። ዱባይ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት፤ የመጣችው ተቆጥታ ነው። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ጋይዱ ነው ትላለች። ቀጥሎም እኔ። ልጅቷ የተማረችውን ሥራ ላይ ባዋለችበት ሰዓት አባቷ አፏን አስያዛት፤ ሌላ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው መጥፎ ነገር ሲያደርግ ብታይ ዝም እንድትል ነው ያስተማርካት አለችኝ። ይቺኛዋ ከነከነችኝ። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

መልስ 3። የዚህ ክር፣ የዚህ ውይይት ማለቴ ነው፣ ባለሙያ እዚህ ጋ ገባ። በእስራኤሏ የቀይ ባሕር ከተማ በኤላት የሚኖር የዳይቪንግ አስተማሪ ነው፤ ወላጆቹ በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡ። መፍረድ ውስጥ አልገባም፤ ስለ ዓሣው ነው የጻፈው። ፓፈር ለጨዋታ አይነፋም። በፍጥነት ማምለጥ ስለማይችል ሊውጠው የመጣውን ለማስፈራራት ውኃ ጠጥቶ ሆዱን ይወጥራል። የመጨረሻ ጥይቱ ናት። ተኩሶ ከጨረሰ በኋላ ደክሞት ሲንሳፈፍ እውነተኛው ጠላት ከመጣበት አለቀለት። ብዙዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል ሰው የሚገድል መርዝ በውስጣቸው ይዘዋል፤ ለልጅ የሚታቀፍ አሻንጉሊት አይደለም። አንድ ነገር ጨመረ። ውኃ ውስጥ ወሬ የለም። ስለዚህ እንግዳ የሚያየው የጋይዱን እጅ ነው። ጋይድ አንድ ጊዜ ከነካ ከኋላው ያሉት ስምንቱም ይነካሉ።

መልስ 4። አንድ ሰው ደግሞ ዓሣውን ትቶ እኔን ያዘ። የ11 ዓመት ሕፃን ባሕር ውስጥ የሚከት አባት ምን ዓይነት አባት ነው? ሳንባዋስ? ጆሮዋስ? ጀርመን አገር ሕግ የለም ወይ? በሦስት መስመር ውስጥ ስድስት የጥያቄ ምልክት ቆጠርኩ።

መልስ 5። የመለሰችለት ስቶክሆልም ያለች ነርስ ናት። ጠላቂም ናት። ፓዲ በሚባለው ትልቁ የዳይቪንግ ድርጅት ደንብ ልጅ በ8 ዓመቱ ገንዳ ውስጥ፣ ከ2 ሜትር ሳያልፍ መሞከር ይችላል። ባሕር የሚገባው በ10 ነው። የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ ከ12 ሜትር በታች አይወርድም፤ ያውም የመጥለቅ ፈቃድ ካለው ወላጅ ወይም ከባለሙያ ጋር። ከ12 እስከ 14 ደግሞ ከአዋቂ ጋር እስከ 18 ሜትር። እና አባቱ ደንብ አልጣሰም አለች። እዚህ ላይ ተነፈስኩ።

ግን አላበቃችም። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ የላይኛው እጥፍ ነው። እዚያ ሳንባውን በአየር ሞልቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ የሚሮጥ ሰው አየሩ ሳንባው ውስጥ እጥፍ ይሆንበታል። ሳንባ ይቀደዳል። ለዚህ ነው የኮርሱ የመጀመሪያ ትምህርት ትንፋሽ አለመያዝ የሆነው። አዋቂም ቢሆን ሲደነግጥ ይረሳዋል፤ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይደነግጣል። ጆሮም እንደዚያው ነው፤ በየሜትሩ አፍንጫን ይዞ እፍ ማለት ያስፈልጋል፤ ጉንፋን ያለበት ልጅ ጭራሽ አይገባም። አስም ካለ ሐኪም ይጠየቅ። መጨረሻ ላይ የጠየቀችው እኔን ነው። መጥለቅ የፈለገችው ልጅቷ ናት ወይስ አባቷ? መልሱን ጉልበቴ ያውቀዋል።

መልስ 6 አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እርማት። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሳይሆን ተጨምቆ የገባ ተራ አየር ነው። ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ይዞ ከ6 ሜትር በታች የወረደ ሰው ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። ልጄ ጎኔ ሆና ስታነብ ይህንኑ ሦስት ጊዜ እንደነገረችኝ አስታወሰችኝ። እኔ እንግዲህ ኦክስጅን ስል ነው ያደግኩት።

መልስ 7። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጻፉት በደርግ ጊዜ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሥራቸው መርከብ ሥር ገብቶ የተጣበቀውን ቆሻሻ መፋቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲጠልቁ አርፍደው ከሰዓት አስመራ ለሠርግ ወጡ። መንገዱ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጊንዳዕ ሲደርሱ ደህና ነበሩ። ነፋሲት ላይ ትከሻቸውን ያማቸው ጀመር። ብርድ መታኝ ብለው ጋቢ ደረቡ። ሠርጉ ቤት ሲደርሱ ክንዳቸው አልነሣ አለ፤ ሙሽራውን ማጉረስ አቅቷቸው በግራ እጃቸው አጎረሱት። በግራ! የሙሽራው እናት እስከ ዛሬ እንዳልረሱላቸው ጽፈዋል። ምን እንደነበረ ግን ሳያውቁ ነው የኖሩት።

መልስ 8። የኤላቱ ልጅ ምን እንደነበረ ነገራቸው። አነጋገሩ ተለወጠ፤ አባባ እያለ ነው የጻፈላቸው። ጥልቀት ላይ የምንተነፍሰው ናይትሮጅን ደም ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ አምቦ ውኃ ሲከፈት እንደሚያደርገው አረፋ ይሆናል። አረፋው መገጣጠሚያ ውስጥ ሲቀር ትከሻ ያማል፤ አከርካሪ ላይ ከሄደ ሽባ ያደርጋል። ዛሬ ያለው ምክር አንድ ጊዜ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ሳይሳፈር 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ 18 ሰዓት ይጠብቅ የሚል ነው። ተራራ መውጣትም ያው ነው።

ከዚህ ወዲያ የጻፈው ግን ለእኛ ሰዎች የሚሆን ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። አዲስ አበባና አስመራም እዚያው ገደማ ናቸው። ስለዚህ ከቀይ ባሕር ጠልቆ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ቦሌ አረፈም አላረፈም ለሰውነቱ ያው አየር ላይ እንዳለ ነው።

መልስ 9 እስከ 12። ምጽዋ የሚል ቃል ተነሥቶ ክር በሰላም አይሄድም። ወደብ፣ 1985፣ ማን ሸጠው፣ ማን ለቀቀው። ታውቁታላችሁ። አወያዩ ሁለቱን ሰርዞ ይህ ስለ ዓሣ ነው የሚል መልስ ለጠፈ። ከተሰረዙት አንደኛው ዓሣውም የእኛ ነበር የሚል ነበር፤ ስቄበታለሁ።

መልስ 13 እና 14። የዋሽንግተኑ አባት ተመለሱ። አንድ ነገር ሳይጠይቁ ቀርተው ነበር፤ ልጅቷ ሰውዬውን አንተ ነው ያለችው እርስዎ? እኔም በእንግሊዝኛ እንዳወሩ ጻፍኩ። በዚያ ቋንቋ ለጳጳሱም ለድመቱም አንድ ቃል ነው። ሰውዬው ትንሽ ለዘብ አሉ። ታዲያ ያን ያህልም አላዋረደችውም ማለት ነው ብለው ፍርዳቸውን ግማሽ በግማሽ አወረዱት። የዱባይዋ ሳቅ ለጠፈችባቸው።

መልስ 15። አዲስ አበባ የሚኖር መምህር ነው። ሐሳቡ የተለመደ ነው፤ ሁሉም ነገር ከትምህርት ይጀምራል፣ ሰዎች ኮራል፣ ያ ባሕር ውስጥ ድንጋይ መስሎ የሚያድገው፣ ሕይወት ያለው ፍጡር መሆኑን ቢያውቁ አይነኩም፣ ከመጥለቃቸው በፊት በደንብ ይነገራቸው። ብዙ ላይክ አገኘ።

መልስ 16። የኤላቱ ልጅ እዚህ ላይ ሹል ሆነ። መንገር ብቻውን ዋጋ የለውም ብሎ ጀመረ። ሴንት ሉሲያ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ተመራማሪዎች 353 ጠላቂዎችን ተከትለው አይተዋል፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከመግባታቸው በፊት ሪፉን (የኮራሉን ክምር) አትንኩ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገራቸውም ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው መሪው ውኃ ውስጥ ሆኖ የነካውን ሰው እዚያው ሲያርመው ነው። ካሜራ የያዙት ደግሞ ካልያዙት ይልቅ ደጋግመው ሲነኩ ተገኙ። ኤላት 12 ኪሎ ሜትር ባሕር ዳር ብቻ ነው ያላት፤ በዚያች ላይ በዓመት ከ250,000 በላይ ጠለቃ እንደሚካሄድ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት ተጽፏል። ያንን ሁሉ ሰው በንግግር አትይዘውም ነው ነገሩ።

መልስ 17። መምህሩ ተናደደ። 20 ዓመት ያስተማርኩት በከንቱ ነው ወይ ወደሚል ሄደ። የኤላቱን ልጅ ትዕቢተኛ አለው። እሱም ዝም አላለም፤ አወያዩ አንድ ቃል በኮከብ ሸፍኖበታል።

መልስ 18። ያስታረቀቻቸው ያቺው የዱባይዋ ቁጡ ናት። ያልጠበቅኩት ነው። ግብፅ ራስ መሐመድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት አምጥታ አነጻጸረችላቸው። እዚያ በተደረገ ገለጻ ጠላቂዎች በየ7 ደቂቃው ኮራል የሚነኩት 1.4 ጊዜ የነበረው ወደ 0.4 ወርዷል። ታዲያ መንገር ይሠራል? ገለጻው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። 45 ደቂቃ ነው። ስለ ኮራል ሕይወት ነግረዋቸው፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ይዘዋቸው ገብተው ሕያው ኮራል የቱ እንደሆነ፣ ባዶ ድንጋዩ የቱ እንደሆነ በጣት አሳይተዋቸዋል። ያ ደግሞ ሁለታችሁም የምትሉት ነው አለቻቸው። መምህሩ ላይክ አደረገ። የኤላቱ ልጅ ዝም አለ፤ እሱ ሲሸነፍ ዝም እንደሚል ኋላ ገባኝ።

መልስ 19። ተስፋ የቆረጠ ሰው በየክሩ አይጠፋም። ባሕሩ እየሞቀ ኮራሉ ራሱ እየነጣ ሲሞት የአንድ ጋይድ እጅ ምን ያመጣል ባይ ነው። መልስ 20 የኤላቱ ነው። ኮራል ምግቡን በብዛት የሚያገኘው ውስጡ ከሚኖር አልጌ ከሚባል ደቂቅ ተክል መሰል ነገር ነው፤ ውኃው ከተለመደው የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ አልፎ ከሰነበተ አልጌውን ያስወጣል፤ ይነጣል፤ ይራባል። እውነት ነው። ነገር ግን የቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ ኮራሎች ሙቀት በመቻል ከብዙዎቹ ይሻላሉ። እነሱ ላይ የሚቆመው እግር፣ የሚጣለው መልሕቅና የሚፈስሰው ቆሻሻ ነው ገዳያቸው። ድንጋይ የሚመስለው ኮራል በዓመት የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጭንቅላት ያህሉን የሰበረ ሰው የብዙ ዓመት ዕድገት ሰበረ ማለት ነው። ሁርጋዳ ራሷ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሄፕካ የተባለ ማኅበር ጀልባዎች መልሕቅ ሳይጥሉ የሚታሰሩባቸውን ተንሳፋፊዎች እንደተከለላት አስታወሰ። የእኛም ጀልባ አንዱ ላይ ታስሮ ነበር፤ ነጭ ኳስ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር።

መልስ 21። ከሐረር ነው፤ አስጎብኚ። እስካሁን ማንም ስለ ጋይዱ እንጀራ አላነሣም ብሎ ጀመረ። ሐረር ማታ ማታ ለጅብ ሥጋ ይሰጣል፤ እንግዳው እንጨቱን በጥርሱ ይዞ ፎቶ ይነሣል። ዛሬ ጅቡ ይረፍ ያለውን አስጎብኚ እንግዳው በነጋታው ትቶት ሌላውን ይዞ ይሄዳል። የሁርጋዳውም ሰው የሚኖረው በጉርሻ እንደሚሆን አያጠራጥርም፤ ዓሣ ያላስያዘ ጋይድ ኪሱ ባዶ ነው። ከዚያ በጨዋ ቋንቋ ወጋኝ። ፎቶውን የገዛው ማነው?

እኔ ነኝ። ጉርሻም ሰጥቻለሁ። እንደውም ልጄ ስላስቀየመችው ጨመር አድርጌ።

መልስ 22 ጅብና ዓሣ አይነጻጸርም ይላል፤ ይለፈን።

መልስ 23። የኤላቱ ልጅ ከዝምታው ተመለሰ። ፎቶውን አሁን ገና አጉልቶ እንዳየው ጻፈ። መጻፍ እንዳልፈለገም ጻፈ። ከበስተኋላ ያለችው ልጅ ሰሌዳዋን ለመያዝ ቀጥ ብላለች፤ የግራ እግሯ መቅዘፊያ ጫፍ ቅርንጫፍ ኮራል ላይ አርፏል።

አየሁት። ልክ ነው። ስንት ቀን ሳየው የኖርኩትን ፎቶ።

መልስ 24 ወዲያው ደረሰ፤ የመልስ 4 ሰው ነው። ሌባ ሌባን ከሰሰ ዓይነት ነገር ጽፎ የእሳትና የሚስቅ ፊት ምስል ደረደረ። መልስ 25 የዱባይዋ ናት። የጻፈችውን ሁሉ እዚህ መድገም አይቻልም። የ11 ዓመት ልጅ ላይ የሚስቅ ትልቅ ሰው በመስታወት ፊቱን ይይ የሚለው ለስላሳው ክፍል ነው።

መልስ 26። የኤላቱ ልጅ ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም አለ። ምናልባት ወገቧ ላይ የታሰረው እርሳስ፣ ሰው እንዳይንሳፈፍ የሚታሰረው ከባዱ ብረት፣ በዝቶ ይሆናል፤ ለልጆች አብዝቶ ማሰር በቶሎ ታች ለማድረስ ይመቻል፤ እግር ግን ይወርዳል። ደግሞ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ሰው ትንፋሹን ይረሳል። እሱ ለልጆች ሲያስተምር ከታች ቀለበት ይዘረጋል፤ ሳይነኩ አልፈው መሃሉ ላይ ቆመው ስማቸውን እንዲጽፉ ያደርጋል። ስሙን ሳይሰምጥ ሳይንሳፈፍ ጽፎ የጨረሰ ልጅ ሪፍ አጠገብ ይሄዳል። ያልጨረሰ አሸዋው ላይ ይቆያል። ጋይዶችንም እንደዚሁ ቢፈትኗቸው ደስ እንደሚለው ጨመረ።

መልስ 27 የእኔ ነው። ለልጄ ላሳያት አላሳያት ብዬ አንድ ቀን አድሬ ነበር። አሳየኋት። በሁለት ጣቷ ፎቶውን ለጠጠችው። እንደገና ለጠጠችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ስንት ኪሎ እርሳስ እንደታሰረላት ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ 4 አለችኝ፤ ራሷ 35 ኪሎ ናት። እኔም በጀልባው ላይ ስላስጠየቅኳት ይቅርታ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሁሉ ፊት አልነበረም፤ ወጥ ቤት ነበርን። ይህንንም ጽፌ ለጠፍኩ። የዋሽንግተኑ አባት ልብ ሰጡኝ፤ ቃል ግን አልጨመሩም።

መልስ 28። የምጽዋው ሽማግሌ ናቸው። ክሩን ከላይ እስከታች እንዳነበቡት ጽፈው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ያ ሰሌዳ ውኃ ውስጥ የሚጽፈው በምንድን ነው? በሳቸው ጊዜ ወገባቸው ላይ ገመድ ታስሮ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሲሳብ ደህና ነህ ወይ፣ አራት ጊዜ ሲሳብ ውጣ ነበር። መርከቡ ሥር ሆነው ለባልደረባቸው የሚነግሩት ብዙ ነገር ነበራቸው።

በተራ እርሳስ እንደሆነ መለስኩላቸው፤ እንደ ትምህርት ቤቱ። ልጄ ከጎኔ ሆና ታዲያ እንዴት እንደሚጠፋ ጠይቅልኝ አለችኝ፤ ዓሣው በሳሙና አልለቅ ብሏታል።

መልስ 29 የኤላቱ ልጅ ነው። በጥርስ ሳሙና ይለቃል።

ሄዳ ሞከረችው። ከሳሎን ሆኜ የቧንቧውን ድምፅ እሰማለሁ። ስትመለስ ዓሣው እንዳለ ነው፤ ከጎኑ የግራ እግር መቅዘፊያ ሥላ እሱም ላይ ኤክስ አድርጋበታለች።